ቋጠሮው ከስክሪን የወረደ ሰሞን

ሰኞ፣ 2

ይህን ደብተር የላከችልኝ የልጅ ልጄ ናት። ገና ስከፍተው ብጣሽ ወረቀት ወደቀ፦ «አያቴ፣ መቀለድ ሲያምርህ እዚህ ላይ ቀልድ፤ ሰውን ተው።» እሺ ብያለሁ። ደብተር አይቀየምም። ችግሩ አይስቅምም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ተኝታለች፣ እኔ ማድቤት ጠረጴዛው ላይ ነኝ። ደብተሩ እንዲያውቀን ከሥራዬ ልጀምር። በዚህ ዕድሜዬ ያለኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የሚፈጀውም አምስት ሰከንድ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኮቴን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ። የትም አልሄድም። ደረጃው ላይ እቆምና በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን እጥላለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የአትክልት ፕሮግራሙ ያልቅና ቋጠሮው ይመጣል፦ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ባለቤቴ «መጣ» ትላለች። እኔም እገባለሁ።

ቋጠሮው የዓርማው ስም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ተመልካቹ ነው። ፕሮግራም እያሠራ ለሕዝብ ጣቢያዎች የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ ማለትም የድሮ መሥሪያ ቤቴ፣ በሚልከው ፕሮግራም ሁሉ ጭራ ላይ ይለጥፈዋል። አራት ክሮች ከስክሪኑ አራት ጥግ ይነሡና መሐል ላይ ተገናኝተው ይቋጠራሉ። የሣልኩት እኔ ነኝ፤ መቶ ሃያ አምስት ሥዕል፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ስቅታ ይዞኝ ስለነበር በግራ በኩል ያለችው ክር ትንሽ ትንገዳገዳለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አገር አይቷታል፤ አንድም ሰው ግን ልብ አላላትም። ድምፁን የሠራው የድምፅ ክፍሉ ሰውዬ ነው፤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አሰልፎ በሻይ ማንኪያ መታ። ነፍሱን ይማርና፣ ብርጭቆዎቹን ለመሥሪያ ቤቱ ክበብ ሳይመልስ ሞተ።

የዚያን ጊዜ ደንብ ነበረን። የሥዕል ክፍል ሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚያልቀው ፕሮግራም ቋጠሮውን በደህና ይዞ መውጣቱን በዓይኑ ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ቤታችን ያኔም እዚሁ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነበር። እዚያ ቋጠሮው ሲወጣ እኔ ኮቴን አነሣለሁ፤ እዚህ ቋጠሮው ሲታይ ባለቤቴ ለልጆቹ «መጣ» ትልና ሳህን ትደረድራለች። ያኔ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ሦስት እርምጃ ነው። እርጅና ምን ቢሉት ይህን ያህል አሳጥሮልኛል።

አምና ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቃላቱን ሁሉ ጠርጎ ወሰደባት። አንድ ቃል ብቻ ቀረች፦ «መጣ»። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ብውል አታውቀኝም። ግድግዳውን እንደምታይ ታየኛለች፤ እንዲያውም ግድግዳው ላይ ትንሽ ትቆያለች። ከቋጠሮው በኋላ በበሩ የሚገባውን ሰውዬ ግን ታውቀዋለች። ፊቷ ይበራል፣ ወንበሩን በዓይኗ ታሳየዋለች። ሰውዬው እኔው ነኝ፤ ቢሆንም እቀናበታለሁ።

ምግብ የምትቀበለውም ከእሱ ብቻ ነው። ጠዋት ልጄ ብትለምናት፣ ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ብታባብላት አፏን ትገጥማለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ከዳቦ ጋር ጥርግ። በዚያች አንድ ሳህን ነው ዓመቱን የዘለቅነው።

ማክሰኞ፣ 3

ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ አገኘኝ።

«አባት፣ ዛሬም ተባረሩ?»

«ዛሬ እንኳ በገዛ ፈቃዴ ነው የወጣሁት።»

«ሰው የገዛ ቤቱን ደጅ ሲጠና ያየሁት እርስዎን ነው።»

«ፍቅር ይባላል። አንተ ዚፕ ከመቀየር ሌላ ምን ታውቃለህ።»

ቅጭል ሲል አፌን ያዝኩና ገባሁ። «መጣ» አለች። ሾርባው የካሮት ነበር።

ሐሙስ፣ 5

ቀጭኑ ደወለ። ቀጭኑ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ እርሳስ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ከወገቡ ሦስት ቀጭን ይወጣል፤ ቅጽል ስሙን ግን አልነጠቅሁትም።

«ጋሼ፣ ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ሎጎው ሊለወጥ ነው። ከሚመጣው ወር አንድ ጀምሮ።»

«የትኛው ሎጎ?» አልኩት። እያወቅሁ።

«ቋጠሮው ነዋ። አይዘኑብኝ። ጊዜው ነው፤ ተመልካቹም ቅሬታ አቅርቧል። አንዲት እናት የጻፉት ደብዳቤ አለ፤ ኮሚቴውን ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። ልጆቼን ያስፈራል ብለው።»

ስለ ደብዳቤው አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ። «ለአዲሱ ይብላኝለት» ብዬ ቀለድኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ደግሞ ጠጣሁ።

አርብ፣ 6

መጻፍ አልቻልኩም። «መጣ» አለች። ሁለት ሳህን በላች። ለምን ዛሬ ሁለት?

እሁድ፣ 8

ለልጄ ነገርኳት። እሷ ለማስተማር ሥራዋ በጠዋት ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትገባ፣ ማታ የእናቷን ልብስ የምታጥብ ሴት ናት፤ ጉልበቷን በነገር አላባክንባትም ብዬ ሦስት ቀን ዋጥ አድርጌው ነበር።

«አባባ፣ ሂድና ንገራቸው። ምን እንደሆነ አስረዳቸው።»

«ምን ልበላቸው? ሚስቴ የምትበላው በዓርማችሁ ነው ልበል?»

«እውነቱ ያ አይደል እንዴ።»

ኋላ ማድቤት ሆና ለወንድሟ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ላደምጥ ብዬ ሳይሆን ጆሮዬ እዚያው ስለነበር ነው። «አባባ ነገሩን ቀልድ አስመስሎ ነው የሚያወራው» አለችው። «እማማ ግን የቀራት ያቺ አምስት ሰከንድ ናት።» ትንሽ አዳመጠች። «አላውቅም። እሱንም የምታኖረው ያቺው አምስት ሰከንድ ትመስለኛለች።»

እኔን የሚያኖረኝ የደም ግፊት ክኒን ነው። ይህን ልነግራት ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ 10

እንግዲህ እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ደብተር አይቀየምም ብያለሁ።

ያቺ እናት እኔ ነኝ።

ካቻምና ነው፤ ባለቤቴ ሳትታመም። ቀጭኑ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ትንሽ ላስደነግጠው ፈለግሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳስደነግጠው ነው የኖርኩት፤ አንዴ ቀለም መንከሪያው ውስጥ ሻይ ቀይጬበት ግማሽ ቀን በሻይ ሥሏል። «ለተከበረው ድርጅት» ብዬ ጀመርኩ። ቋጠሮው የማነቆ ገመድ ይመስላል አልኩ። ትንሹ ልጄ ባየው ቁጥር ያለቅሳል አልኩ። ባለቤቴ ሹራብ እየሠራች ስታዳምጥ ነበርና «ማልቀስ ብቻ አይበቃም፤ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል በለው» አለች። ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። ከዚያ የእኔን እጅ ጽሑፍ ቀጭኑ ያውቀዋል ብለን እሷ ገለበጠችው። በዚያ ውብ ጽሕፈቷ። መጨረሻ ላይ «ቅር የተሰኘች እናት» ብላ ፈረመችና ፖስታውን በምላሷ አርጥባ ለጠፈች።

ቀጭኑ ወዲያው ደውሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አይደል» ይለኛል ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ። አልደወለም። ረሳሁት። ከዚያ እሷ ታመመች፤ ሁሉንም ረሳሁት።

ለልጄ ይህን አልነገርኳትም። እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ 12

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አላወቀኝም። «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የገባሁበት በር ነው። «ራሴን» አልኩት። አልሳቀም፤ መታወቂያዬን ተቀበለ።

መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገባሁ። ቀስ ብዬ ዳር ዳር ብል ሴትዮዋ ስላልገባት ዓይኔን በጨው አጥቤ ተናገርኩ።

«የእናትየዋ ደብዳቤ ሐሰት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልሽረው ነው የመጣሁት።»

ፋይሉን አወጣች። ደብዳቤውን አየሁት፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አርፎበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከሥሩ አራት ሰዎች ፈርመውበት። የባለቤቴ እጅ ጽሑፍ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከታመመች ወዲህ ጽሕፈቷን አላየሁም ነበር።

«አባቴ፣ ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ በጸሐፊው ካልሆነ አይሻርም» አለችኝ። «እስቲ እዚህ ይጻፉልኝ፣ ጽሕፈቱን ላመሳክር።»

ጻፍኩ። ሁለቱን አስተያየች።

«ይኼ የእርስዎ አይደለም።»

«ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እጁ የባለቤቴ።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ ይምጡና በእጃቸው ይጻፉ።»

«መጻፍ አትችልም። መናገርም አትችልም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ወንበር ሳበችልኝ። «ታዲያ ቅሬታቸውን እንደተዉት በምን አውቃለሁ?» አለች።

ከዚያ ወደ ቀጭኑ ክፍል ወጣሁ። ግድግዳው ላይ አዲሱን ለጥፎታል። ሰማያዊ ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ። ይመጣል፣ ይሰፋል፣ ይጠፋል። ድምፅ የለውም፤ ዛሬ ሰው ድምፅ ይሰለቻል አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ደረጃውን፣ «መጣ»ን፣ ሾርባውን። ስነግረው እየሳቅሁ ነው የጀመርኩት። መሐል ላይ ሳቁ አለቀብኝ፤ ወሬው ግን ገና ነበረ።

ቀጭኑ እጁን አገጩ ላይ ጫነ። «ጋሼ፣ እርስዎ መሆንዎን እንዴት አላወቅሁም» አለ። «ከጠረጴዛ ሥር የምትለዋ እኮ አንጀቴን በልታኝ ነበር። ኮሚቴው ፊት ያነበብኩት ራሴ ነኝ።»

«ደብዳቤው ባይኖር ይለወጥ ነበር?»

«ይለወጥ ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ «ምናልባት» አለ።

«የአትክልቱን ፕሮግራም ብቻ ተውልኝ። አንዷን።»

«አይቻልም። ጭራው የሚቆረጠው በማሽን ነው፤ የሁሉም ፕሮግራም በአንድ ቀን። አንዷን ለይተህ ተው ቢሉት አይሰማም።»

«ድሮ በመቀስ ነበር የምንቆርጠው» አልኩት። «መቀስ ይሰማ ነበር።»

እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። ቦርሳዬን ያዘልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ መነጽሬና የባለቤቴ የሐኪም ወረቀት ብቻ ነበሩ፤ እሱ ግን እንደ ከባድ ነገር ነው የያዘው።

ቅዳሜ፣ 14

ነርሷ ባለቤቴን መዘነቻት። አርባ ሦስት ኪሎ። «ከዚህ እንዳትወርድ» አለችኝ። እንዳትወርድ። እኔ ምን ላይ ቆሜ ልይዛት።

ለልጄ ስለ ደብዳቤው ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እጇ ቆመ። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «እማማ ሳቀች?» አለችኝ።

«እንባዋ እስኪመጣ።»

«ምን ብላ ሳቀች? በደንብ ንገረኝ።»

ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 18

አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። እሷን ሌላ ምልክት ላለማምድ ተነሥቻለሁ። ትናንት በአሥር ሰዓት ያለ ቋጠሮ ገባሁ። አየችኝ፤ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ዛሬ ደወል ደውዬ ገባሁ። ወደ ስልኩ ዞረች። ልጄ ቋጠሮውን በስልኳ ቀድታ አምጥታ ዓይኗ ሥር ያዘችላት፤ ባለቤቴ የስልኩን መስታወት በጣቷ ጠረገችው፤ አቧራ መስሏት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን በቴሌቪዥኑ፣ በሰዓቱ፣ ከአትክልቱ በኋላ፦ «መጣ»።

ሰውዬው ገባ። አበላት።

አርብ፣ 20

ልብስ ሰፊው ነገሩን ከልጄ ሰምቶ ኖሮ አንኳኳ። ሦስት ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ ይዟል።

«አባት፣ ድምፁን እኛ ብንሠራውስ? ቀድመን ብናለማምዳት።»

ቴሌቪዥኑን አጠፋን። እሱ ከኋላው አጎንብሶ ተደበቀ፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ግማሹ ወጥቷል። እኔ ደረጃው ላይ ቆምኩ። መታ። የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ቅጭል አለች፣ ሁለተኛዋ ዱብ አለች፣ ሦስተኛዋ ውሃዋን ደፋች። ገርበብ ባለው በር አሻግሬ ሳያት ባለቤቴ በትዕግሥት የልብስ ሰፊውን ራስ ትመለከታለች። ቃል አልወጣትም።

ወለሉን እየወለወለ «ይቅርታ» አለኝ። ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝም ‹ተባረሩ› አላለኝም። እንዲለኝ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ፣ 25

ለድርጅቱ ኃላፊ ጻፍኩ። ለኮሚቴውም። ለጣቢያውም። ሁሉንም በራሴ ስም። ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ስጽፍ ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ አምስት ጊዜ ቀድጄ ጻፍኩት። ከጣቢያው ብቻ መልስ መጣ። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል፤ ቁጥርም አለው።

ሐሰተኛዋን እናት አመኗት። እውነተኛውን ሽማግሌ አመሰገኑት።

ሰኞ፣ 30

የመጨረሻው ቀን። ልጄ ኮቴን ተኮሰችልኝ። ጢሜን ተላጨሁ። ደረጃው ላይ ቀድሜ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ ቆሟል። የአትክልቱ ሰውዬ ስለ ሽንኩርት ችግኝ ያወራል፣ በየስንት ቀኑ ውሃ እንደሚጠጣ። አያልቅ ይሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አለቀ።

ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል።

«መጣ» አለች።

ቶሎ አልገባሁም። ትንሽ ቆምኩ። ብቆም ምን እንደማተርፍ አላውቅም። ከዚያ ገባሁ፤ ፊቷ በራ፤ ወንበሩን በዓይኗ አሳየችኝ። አበላኋት። ቋጠሮውን ራሱን አላየሁትም። ዓመት ሙሉ አላየሁትም እኮ፤ ሁልጊዜ በር ላይ ነኝ።

ማክሰኞ፣ 1

ደረጃው ላይ ነበርኩ። አዲሱ ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ራሱ ቀጭኑ ነግሮኛል። አውቄም ቅጭሉን ነው የጠበቅሁት። አሥራ ሁለት አለፈ። የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ዜና አነበበ። ዜናው አለቀ። ልጄ በሩን ከፈተችው።

«አባባ፣ አልቋል እኮ።»

ገባሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ እንደ መጣ ሰው። አፏ ዘንድ ማንኪያ ሳደርስ ፊቷን ዞር አደረገች። ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች።

እየጠበቀችኝ ነው። እኔኑ አጠገቧ አስቀምጣ።

ረቡዕ፣ 2

ምንም።

ሐሙስ፣ 3

ሦስት ማንኪያ፤ ልጄ ናት ያበላቻት። ከዚያ ተፋችው። እስክትተኛ በሩን ታያለች።

አርብ፣ 4

ውሃ። ደግ ነው፣ ውሃ ወስዳለች።

እሁድ፣ 6

ነርሷ መጣች። አርባ አንድ። ሆስፒታል ገብታ በቱቦ ትመገብ እንዴ ብላ ጠየቀችን። «እስከ ነገ ወስኑና ንገሩኝ» አለች። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ማንን ልይ።

ደግሞ ያንን ደብዳቤ ባልጽፈው ኖሮ። ባልጽፈው ኖሮ እላለሁ፤ ጠዋት ስነሣ እላለሁ፤ ጫማዬን ሳስር እላለሁ። አስቂኝ ሰው ነኝ ብዬ ስኖር።

ሰኞ፣ 7

እስከ አርብ ታገሡን አልናት። ነርሷ ፊቷን አጠቆረች፤ ግን ታገሠች። የቱቦ ነገር ሲነሣ ባለቤቴ እጇን ደረቷ ላይ ነበር ያደረገችው። የገባት እንደሆነ አላውቅም። እንዲሁ ይሆናል።

ረቡዕ፣ 9

ቀጭኑ ራሱ መጣ። ላብ አጥምቆት፣ ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ። ከሥራው ሊያስወጣው የሚችል ነገር ነው ያደረገው፤ ከመቆረጡ በፊት አንዱን የአትክልት ፕሮግራም ከነቋጠሮው በፍላሽ ቀድቶ ይዞ መጥቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ኮቴን ለበስኩ፤ ወጣሁ።

አሥራ ሁለት ላይ እንዲያልቅ አስልቶ አስጀምሮት ነበርና በሰዓቱ አለቀ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል።

በሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ።

አላለችም።

ገባሁ፤ ቃሏ እንዳልጎደለ ሆኜ፣ እንደ ድሮው፣ ትከሻዬን ነቅንቄ። በትሕትና አየችኝ። ቀጭኑን ደግሞ በትሕትና አየችው። ከሁለታችን አልፋ ወደ በሩ።

«ደግሜ ላጫውተው?» አለ ቀጭኑ።

ደገመው። ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስተኛው ላይ «ጋሼ፣ በግራ በኩል ያለችው ክር ትንቀጠቀጣለች እንዴ?» አለኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ሰው። «ስቅታ ይዞኝ ነበር» አልኩት። ሁለታችንም ደስ አላለንም።

ነርሷ እዚያው ነበረች። ወደ ጥግ ወስዳ ዝግ ብላ ነገረችኝ። «አባቴ፣ ራስዎን አይውቀሱ። ይህ በሽታ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። ዓርማው ባይለወጥም ኖሮ ቃሏ በዚህ ሰሞን ይሄድ ይሆናል።»

ለማጽናናት ነው፤ ገብቶኛል። እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ ቢሆን እመርጣለሁ። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ የሚባልበት ሰው አለ። በሽታን ማን ዘንድ ሄጄ ልሽረው።

ቀጭኑ ፍላሹን ሊነቅል ሲል «ተወው» አልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

አርብ፣ 11

ሆስፒታል እንድትገባ ተስማምተን ነገ ጠዋት አምቡላንሱ ሊመጣ ነበር። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ከልጄ በቀር ማንም አላየም።

ዛሬ አልወጣሁም። ኮቴንም አልለበስኩም። ቴሌቪዥኑን ልጄ አጠፋችው። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ፣ እኔ አጠገቧ፣ መሐላችን ትንሿ ጠረጴዛ፣ ላይዋ ላይ ሾርባና ዳቦ። አንድ ማንኪያ አቀረብኩላት። ዞር አለች። ሁለተኛ አላቀረብኩም። እሷ በሩን ታያለች፤ እኔም ሌላ የማየው ነገር ስላልነበረኝ በሩን አየሁ።

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ይህን ያወቅሁት ሾርባው ሲሸተኝ ነው። ማንኪያውን ወደ ገዛ አፌ አደረግሁ። እሷ ሳትበላ እኔ ስበላ ዓመት ሙሉ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩ፤ ግን ደገምኩ። ዳቦውን ቆረስኩ።

ዓይኗ ከበሩ ተነሣ። እጄን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ባለቤቷን እንደምታይ አልነበረም፤ ያንን አውቀዋለሁ። ከሩቅ መንገድ መጥቶ ደጃፏ የተቀመጠ፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ስታይ እንደምታዝንለት ነው። ድሮ ከመሥሪያ ቤት ሰው ይዤ ስመጣ፣ እኔ ልብስ ልቀይር ስገባ፣ እንግዳውን ብቻውን አታስበላም፤ ራት በልታም ቢሆን ሳህን ይዛ ትቀመጥ ነበር።

እጇን ሰደደች። የዳቦውን ሳህን ወደ እኔ ገፋችው።

«ይብሉ» አለች።

ልጄ ማድቤት በር ላይ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እርስዎም» አልኳት።

አሰበችበት። ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች፤ ራሷ። እየተንቀጠቀጠች ሾርባውን ቀዳች፤ ግማሹ ፈሰሰ፤ ግማሹ ገባ። አንድ። ከዚያ ማንኪያውን ለእኔ መለሰች፤ ተራዬ ነው። ከዚያ ወደ እሷ። እንዲህ እየተቀባበልን ሳህኑ ተጋመሰ። አንድም ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም።

መሐል ላይ በሩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልታጽናናኝ አስባ መሰለኝ፣ «ይመጣል» አለች።

ማንን እንደምጠብቅ አውቃልኛለች። አብረን የምንጠብቀውን።

«እጠብቀዋለሁ» አልኳት። «ጓደኛዬ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ደህና ሰው ነው ማለቷ ይመስለኛል። አልተቃወምኳትም፤ ስለሱ እኔ የማውቀውን እሷ ባታውቅ ይሻላል።

ልጄ ለነርሷ ደውላ አምቡላንሱን አስቀረች። እስከ መቼ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ነገ ጠዋት ዳቦ ይዤ እንደ እንግዳ አንኳኳለሁ። ባለቤቷ ከመድረሱ በፊት።